አኩፋዳና ባነር

ለብዙው መንገደኛ ወረታ ማለት የቁርስ ቦታ ናት። ንጋት ላይ ከባሕር ዳር የተነሳ መኪና ወደ ጎንደር 55 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ይደርስባታል። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት፣ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ጋይንትና ወደ ወልድያ የሚገነጠለው መንገድም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ከጎጃምና ከባሕር ዳር ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም፣ ለታኅሣሥ 29 ላሊበላ የሚሄድ አውቶቡስ ከዚች መታጠፊያ አያመልጥም ነበር። ባነሩን በግንባሩ ሰቅሎ፣ መዝሙሩን ከፍቶ፣ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ አጭቆ ይመጣል። ሽሮው ይታዘዛል፣ ሻዩ ይጠጣል፣ አስተባባሪው በድምፅ ማጉያ «ምዕመናን፣ አምስት ደቂቃ!» ይላል፤ አምስቱ ደቂቃ ሠላሳ ሲሆን ይነሳሉ። ከመታጠፊያው ወዲያ ያለው የፎገራ ሜዳ በመስኮት የሚታይ አረንጓዴ ነገር ሆኖ ያልፋል።

የኛ ሰፈር ያለው እዚያ አረንጓዴ ነገር ውስጥ ነው፤ ከወረታ በስተምዕራብ፣ ወደ ጣና በሚዘልቀው ጥቁር አፈር ላይ። በልጅነቴ ወደዚያ የሚመጣ መኪና አልነበረም። የሚመጣው የእግር መንገደኛ ነው፤ ከመንገደኛውም ሁሉ የምናውቀው የቆሎ ተማሪን ነበር። ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ወደ ኋላ ዘርግቶ ይደርሳል፤ ልምድ ያለው ተማሪ ውሻ ከፊት እንደማይነክስ ያውቃል። ከአጥሩ ጥግ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። እኔ ውሻውን እይዛለሁ፤ እናቴ ከሌማቱ ቁራሽ ታወጣለች። የተሰጠውን ሳያይ አኩፋዳው ውስጥ ይጨምርና መርቆ ወደ ቀጣዩ ደጅ ይሄዳል። እናቴ ምን እያደረገች እንደሆነ ብትጠየቅ መልሷ «ለነፍሴ» የሚል ነበር። ትምህርት ቤት እየደገፈች እንደሆነ የነገራት ሰው የለም። ያን ጊዜ ግን የአብነት ትምህርት ቤቱ በጀት ያ ቁራሽ ነበር፤ ሌላ በጀት አልነበረውም።

አሁን ካርታ ዘርግቼ ሳየው የሰፈራችን ነገር ይገባኛል። በጎጃም በኩል እነ ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ቤቶች አሉ። በጋይንት በኩል ደግሞ ድጓ የሚመሰከርባት ቤተልሔምና ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርባት ዙር አባ አሉ። ከሁለቱ መካከል ደብረ ታቦር ከነአቋቋሟ ተቀምጣለች። ቅኔውን ጎጃም የተቀኘ ተማሪ ለዜማው ወደ ጋይንት ሲሻገር፣ ዜማውን የጨረሰውም ለቅኔው ወደ ጎጃም ሲወርድ የሚያቋርጠው ፎገራን ነው። በሁለቱ አገር ጉባኤ ቤቶች መካከል የተዘረጋ ገበታ ነበርን ማለት ነው፤ ገበታው ግን ራሱን አያውቅም ነበር።

አንድ ተማሪ ከአጥራችን ሥር ከግራሩ ጥላ ተቀምጦ አኩፋዳውን ሲገለብጥ ያየሁትን አልረሳም። የቀፈፋውን ሁሉ ደበሎው ላይ ዘረገፈውና ቁራሾቹን መለየት ያዘ። የዳጉሳው ጥቁር ለብቻ፣ የጤፉ ለብቻ፣ የሻገተው ለብቻ። የቀረውን ፀሐይ ላይ አሰጥቶ ድርቆሽ ያደርገዋል። ጠጋ ብዬ ሳይ አንዷን ቁራሽ አንስቶ አሸተታትና «ይቺ ከጉማራ ማዶ ናት፤ ውኃቸው ሌላ ነው» አለኝ። ሌላዋን አነሳ፤ «ይቺ ደግሞ የናንተ ናት፤ እናትህ እርሾ አታበዛም።» እውነቱን ነበር። አገሩን ከኛ ይልቅ እሱ ያውቀው ነበር፤ በእያንዳንዱ ቤት ምን እንደተዘራ፣ ማን እንደቸገረው፣ የማን ምጣድ እንደተሰበረ ከአኩፋዳው ያነበዋል።

በዚያው አኩፋዳ ውስጥ ሩዝ ሲመጣም ታይቷል። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ከጅግናና ከሻጋ አምራቾች ጋር ሩዙን ሲሞክሩ አባቶቻችን «የወፍ እህል» ብለው ይስቁ ነበር። ከዚያ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር በየቤቱ ገባ። ጎርፍ የሚተኛበት ረባዳ ሁሉ፣ ዝንጉርጉሮቹ የፎገራ ላሞች ይግጡበት የነበረው መስክ ሳይቀር፣ ማሳ ሆነ። እንጀራው ነጣ። ዛሬ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተሠርቷል፤ የመፈልፈያ ወፍጮው ጩኸት ከቅዳሴው እኩል ይነሳል። ቆርቆሮ ቤት የሠራው፣ ሞተር የገዛው፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የላከው ሁሉ በሩዝ ነው። ስለዚህ ሩዝን አልወቅስም። ላሞቹን ግን አንዳንዴ አስባለሁ።

ከዚህ ሜዳ ወጥቶ ሩቅ ስለሄደ ሰው ከተነሳ አለቃ ገብረ ሐናን መዝለል አይቻልም። የናበጋ ጊዮርጊስ ልጅ ናቸው፤ ናበጋ ከኛ ሰፈር ብዙም አይርቅም። ቀልዳቸውን የማያውቅ አበሻ የለም፤ ያልቀለዱትም ሳይቀር በስማቸው ይቀለዳል። ዋናው ሥራቸው ግን ዝማሜው ነበር። ሲተረክ፣ የጣናን ማዕበልና በዳር ያለውን ደንገል በነፋስ ሲወዛወዝ እያዩ አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ፤ የጎንደር ሊቃውንት አልቀበልም ቢሏቸው ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌም ይዞት ደብረ ታቦር ወጣ። ተክሌ አቋቋም የሚባለው ያ ነው። አለቃ ራሳቸው በምኒልክ ዘመን እስከ እንጦጦና አዲስ አበባ ዘልቀዋል። ዛሬ በጥምቀት ቴሌቪዥኑ ካህናቱ በመቋሚያ ወዲህና ወዲያ ሲሉ ሲያሳይ፣ ያ ሞገድ ከኛ ሐይቅ ዳር ተነስቶ በአንድ አባትና ልጅ እግር የሄደ መሆኑን ማን ልብ ይላል? ሁለቱም ተማሪ በነበሩ ጊዜ የስንቱን ደጅ ቁራሽ እንደበሉ ደግሞ የመዘገበ የለም።

የቀድሞው ሁሉ መልካም ነበር ለማለት አይደለም። ያ ተማሪ በውሻ ይቦጨቃል፣ በቁንጫና በእከክ ያልቃል፣ የፎገራ ወባ ደግሞ ካህንና ጨዋ አይለይም። በ1997 ዓ.ም. ግድም በሊቦ ከምከምና በፎገራ ካላዛር ተነስቶ ሰው ሲጨርስ፣ ከቤት ውጭ የሚያድር ሰው ለአሸዋ ዝንብ ይበልጥ እንደሚጋለጥ ሐኪሞቹ ነገሩን። እኔ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ግራር ሥር ያደሩት ተማሪዎች ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1998ቱ ክረምት፣ ርብና ጉማራ ገንፍለው ሜዳውን ሐይቅ ሲያደርጉት መንደራችን ራሷ ቀፋፊ ሆነች፤ በእርዳታ ስንዴ ከረመች። በዚያ ዓመት ደጃችን የቆመው ተማሪ ባዶ እጁን ሲመለስ እንኳ መርቆን ነበር የሄደው።

ከአኩፋዳው ቀጥሎ ጃንጥላ መጣ። በባሕር ዳር ጎንደር መንገድ ዳር አንድ ቄስና ሁለት ሽማግሌ፣ የእመቤታችንን ሥዕል ወንበር ላይ አቁመው፣ ባለ ዘርፉን ጃንጥላ ዘርግተው «ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ» ይላሉ። ሾፌሩ ቀዝቀዝ ያደርጋል፤ ረዳቱ ከተሳፋሪው የለቀመውን ሳንቲም በመስኮት ይበትናል፤ አንዳንዱ ስሙኒ ቦይ ውስጥ ይገባል። ሰጪውና ተቀባዩ ፊት ለፊት የሚተያዩት ለአንድ አፍታ ነው። መራራቁ ያኔ ሳይጀምር አልቀረም።

ከዚያ አውቶቡሱ። ማኅበረ ቅዱሳን በ1984 ዓ.ም. በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ተማሪዎች ከተመሠረተ ወዲህ፣ ከተሜው ወጣት ሰባኪና መዘምራን ይዞ ወደ ገጠር የሚወርድበት ሐዋርያዊ ጉዞ እየተለመደ ሄደ። እሱን ያዩ ጽዋ ማኅበራትና ሰንበት ትምህርት ቤቶችም በየፊናቸው ተነሱ። ትኬቱ መጓጓዣና ምግብ ይጨምራል። በተሄደበት ደብር ግቢ ድንኳን ይተከላል፣ ይሰበካል፣ ይዘመራል። ከዚያ ጨረታው ይቀጥላል፤ ሥዕል በጨረታ፣ ጧፍ በጨረታ፣ አምባሻ ሳይቀር በጨረታ። ቃል የሚገባው ስሙ ይጠራል፣ እልል ይባልለታል። ድሮ ደረሰኝ ይቆረጥ ነበር፤ በኋላ የቴሌብሩ ቁጥር በባነሩ ግርጌ ይጻፍ ጀመር። እኔም ባሕር ዳር ከገባሁ ወዲህ በእንዲህ ያለው ጉዞ ሄጃለሁ፤ እልልም ብያለሁ። በዚህ ገንዘብ የተዘጋ ቤተ ክርስቲያን ተከፍቷል፣ የሚያፈስ ጣሪያ ተደፍኗል፣ ሽንት ቤት ያልነበረው ጉባኤ ቤት ሽንት ቤት አግኝቷል። ይህን የሚክድ ሰው ገጠሩን አያውቀውም።

ግን አንድ የማይጥመኝ ነገር አለ፤ እሱን የገለጠልኝ ደግሞ የፈረንጅ ወሬ ነው።

በደህናው ጊዜ በወረታ መንገድ አልፎ አልፎ ፈረንጆች ካምፐር የሚሉትን መኪና ይዘው ይመጡ ነበር፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ የውኃ በርሜሉ ሁሉ ከኋላው ያለበት። ብዙዎቹ የሚታጠፉት ወደ አውራ አምባ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የሌላትን ያችን የዙምራ ኑሩን መንደር ለማየት። ታዲያ አንድ አሜሪካ የኖረ ወዳጄ እንዲህ ያለው መኪና በዚያ አገር ለምን እንደሚውል ሲያጫውተኝ፣ ከሚስዮናውያኑ አንዳንዶቹ ለእረፍት አገራቸው ሲመለሱ ቤተሰባቸውን በዚሁ ጭነው ከከተማ ከተማ ይዞራሉ አለኝ። የሚዞሩት የሚደግፏቸውን ምዕመናን ደጅ ነው፤ በየወሩ ያዋጡላቸውን ሰዎች አግኝተው፣ አብረው በልተው፣ «ገንዘባችሁ ይህን ሠራ» ብለው ሊነግሯቸው። ነገሩ ንግድ ንግድ ሊሸት ይችላል፤ ደጋፊ እንዳይሸሽ ማባበያም ነው። ሪፖርትም ሁልጊዜ ቀላል አይደለም፤ ከወረታ አርባ ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ፣ ከባዝል አጠገብ ካለው ክሪሾና ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን የእጅ ባለሙያዎች አጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተዋቸዋል። እነዚያ ለደጋፊዎቻቸው ምን ብለው እንደጻፉ ማንበብ ነበር!

የሆነ ሆኖ አቅጣጫው ነው የገረመኝ። እነሱ ዘንድ የተደገፈው ደጋፊውን ፍለጋ ይዞራል። እኛ ዘንድ ደጋፊው የደገፈውን ለማየት፣ ፎቶ ለመነሳትና ለመመስገን ይዞራል። አኩፋዳ የያዘው ተማሪ ግን ከሁለቱም ይሻል ነበር፤ ቁራሹን እንደተቀበለ ምርቃቱን እዚያው ደጃፍ ላይ ያወርዳል፤ ሂሳቡ በዕለቱ ይዘጋል።

አንድ ጊዜ ከጉዞው ጋር ሐይቁ አካባቢ ወዳለ ደብር ሄድን። ቆርቆሮ፣ ቀለምና ድምፅ ማጉያ ይዘን ነበር። ጨረታው ሲጋጋል ወጣ ብዬ ወደ ጎጆዎቹ ሄድኩ። መምህሩ ከደጃቸው ላይ ተቀምጠው የተቀደደ ደበሎ ይሰፋሉ።

«እንደምን ዋሉ የኔታ? ስንት ተማሪ አለዎት?»

«ከመስቀል በፊት የነበረውን ነው የምትጠይቀኝ፣ ከመስቀል በኋላ ያለውን?»

«አሁን ያለውን።»

«አሁን ያለው ከቤቱ እህል የሚመጣለት ነው ልጄ። የማይመጣለት ባሕር ዳር ገብቷል። ቀን ይማራል ይሉኛል፤ ማታ የሰው ሕንፃ ይጠብቃል።»

«ቀፈፋ አይወጡም እንዴ?»

መርፌያቸውን አቆሙና ወደ መንደሩ አገጫቸውን ቀሰሩ። «በሩ ሁሉ ቆርቆሮ ሆነ። ያንኳኳሉ፤ ከውስጥ ‹ሰው የለም› የሚል የሰው ድምፅ ይወጣል።»

እኔም ሳቅሁ፣ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ስላመጣነው ቆርቆሮና ቀለም ነገርኳቸው። «እሰየው፣ እግዜር ይስጥልን» አሉ ከልባቸው። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና ጨመሩ፤ «እንግዲህ ግድግዳው ይቀድስልን እንደሆነ እናያለን።»

የቆርቆሮ በር ካላቸው አንዱ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ የሰፈራችን ቤት የእሱ ሆኗል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለአውቶቡሱ ጨረታ ከኔ ይልቅ እሱ ይሰጣል። ሩዙን በኩንታል ይሸጣል፣ ሚስቱ ወረታ ሱቅ ከፍታለች፣ ቀን ቤት የሚውል ሰው ስለሌለ ሌማቱ ባዶ ነው። ለሕንፃ አምስት ሺህ ብር ያወጣል፤ ለተማሪ ቁራሽ እንጀራ ግን ቤቱ ውስጥ የለም። ብሩ ዘላቂ ነው ይለኛል፣ ቁራሽ ያልቃል። ቤተልሔምን ለዘመናት ያቆማት ግን በየቀኑ የሚያልቀውና በየቀኑ የሚተካው ነበር፤ ይህን ስነግረው «አንተ የከተማ ሰው ነህ፣ ናፍቆት ይዞህ ነው» ይላል። ትንሽ እውነት አለው።

አሁንማ የአውቶቡሱም ነገር ቀርቷል ማለት ይቻላል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሳው ጦርነት መንገዱ አንድ ሰሞን ሲዘጋ አንድ ሰሞን ሲከፈት፣ ባነር ሰቅሎ ሌሊት የሚወጣ ሹፌር የለም። ጉዞ አዘጋጆቹ ገንዘቡን በስልክ ይልካሉ፤ ባንክ ሲሠራ ይደርሳል። ኔትወርክ ሲጠፋ፣ መኪና ሲቆም፣ አስፋልቱ ጭር ሲል በጥርጊያው የሚታየው ያው የጥንቱ እግረኛ ነው፤ ቁጥሩ ያንስ እንጂ አልጠፋም። ደበሎው በጃኬት ተተክቷል፤ አኩፋዳው በማዳበሪያ ከረጢት። ወንድሜ ባለፈው ስልክ ሲሠራለት አንዱ ደጃቸው ቆሞ እንደነበር ነገረኝ። «ሰጣችሁት?» አልኩት። «ሩዝ ሰጠነው፣ ጥሬ» አለኝ። እሱም ጥሩ ነው፤ ጥሬ አይሻግትም።

እናቴ ከሞተች ቆይቷል። በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርና በሐዋሳ ታላላቅ አድባራት ዛሬ ከሚያገለግሉት መሪጌቶችና መምህራን መካከል በፎገራ ያለፉ ብዙ ናቸው፤ ከነሱም ጥቂቶቹ የሷን እንጀራ ሳይበሉ አልቀሩም። «ያ ቁራሽሽ እዚህ አድርሶኛል» ብሎ ተመልሶ የመጣ ግን አንድም አላየሁም። እሷም አልጠበቀችም፤ በልተው እንዲያልፉ እንጂ እንዲመለሱ አልነበረም የምትሰጠው።

ጉዞ ለምታዘጋጁ ሁሉ የምለው ይህን ነው። መንገዱ ሰላም ሆኖ ባነሩ እንደገና ሲሰቀል፣ የወረታውን ቁርስ አንድ ሰዓት አርዝሙትና ከአስፋልቱ ውረዱ። የምትጠይቁት ደብሩ ምን እንደጎደለው ብቻ አይሁን፤ የኔታ ስንት ተማሪ እንዳላቸው፣ ተማሪው ከሰኔ እስከ መስከረም ምን እንደሚበላ ጠይቁ፤ ከቆርቆሮው እኩል እህልም ጫኑ። እናንተ ደግሞ በዚህ ሜዳ አኩፋዳ ይዛችሁ ያለፋችሁ አባቶች፣ ዛሬ የራሳችሁ መኪና ያላችሁም አላችሁ። ከሾፌሩ ጎን ስትቀመጡ አንዱን የቆርቆሮ በር አስቁሙትና አንኳኩ። ለመለመን ሳይሆን «እዚህ በልቼ ነበር» ለማለት። ምናልባት ከውስጥ ያለው ሰው ይከፍት ይሆናል።